ከባሕር ማዶ የመጣው የጉልበት እንክብል

ኤቬልዮ እህቱ ከባሕር ማዶ የላከችለት የጉልበት ሕመም እንክብል ከደረሰው ወዲህ መቀመጫ አጥቷል። በረንዳው ላይ ቁጭ ይላል፣ መልሶ ይነሳል። ዶሚኖ የሚጫወቱት ጓደኞቹ ሲጠሩት «ዛሬስ ይቅርብኝ» ይላል። ጠዋት ለሚስቱ ለዜናይዳ የዘይቱን ጭማቂዋን ያቀብላትና ዓይኗን ሳያይ ይወጣል።

የዜናይዳ ልብ ተሰቀለ። ሌሊት ሲገላበጥ ትሰማዋለች፤ የእሷም ዓይን አይከደንም። ከጭንቀቱ ብዛት የበላችው ደረቷ ላይ እየቆመ ያቃጥላታል፤ ራሷንም ይወቅራታል።

የራሷ ጉልበትም ደኅና አልነበረም። ግን ልጇ አማሪሊስ በሰላም ከተገላገለች እስከ ቅዱስ አልዓዛር በዓል ድረስ ሕመሟን ያለ መድኃኒት ልትችለው ተስላ ነበር። ልጅቱ ተገላገለች፤ እናት ስለቷን ትከፍላለች። ቅዱሱም አላሳፈራት፣ ሰሞኑን ቀለል ብሏታል። ዛሬ ጡረታ ወደ ወጣችው ነርስ ወደ ሚግዳልያ ቤት ደረጃውን ያለ ከዘራ ወጣች።

«ሚግዳልያ፣ ያ እንክብል ባሌን ሊገድልብኝ ነው!»

«ኧረ ቀስ! ምን ሆነ?»

«እንቅልፍ የለው፣ ዕረፍት የለው። ሌላውን ጠይቄው መች ይነግረኛል!»

«አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ይነሳዋል። ቃርና ራስ ምታትም አለው። ለጥቂት ቀን ይተወውና እንየው። አንቺ ግን ደረጃዬን እንደ ኮረዳ ነው የወጣሽው!»

«አልዓዛር ይመስገን።»

ቤቷ ስትመለስ ኤቬልዮን ጓዳ አገኘችውና ብልቃጡን ከእጁ መነጨቀችው።

«ከእንግዲህ አንዲት አትቀምስም! ልትሞትብኝ ነው? ካላንተ ማን አለኝ?»

«ተይ እንጂ፣ የኔ አሮጊት። ምንም አልሆንኩም።»

«ጭራው እንደ ተቃጠለ ዶሮ ስትቅበጠበጥ እያየሁህ?»

ኤቬልዮ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«እንክብሉ ምንም አላደረገኝም አልኩሽ።»

«እስቲ አልዓዛርን በል!»

ኤቬልዮ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ከቅዱሱ ሥዕል ፊቱን አዞረ። ዜናይዳ እጆቹን ያዘቻቸው።

«ንገረኝ። የቱ ጋ ነው የሚያምህ?»

«ስታቃስቺ መስማት አቃተኝ፣ ዜናይዳ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አለ። «እኔ አንዲትም አልዋጥኩም፤ በየጠዋቱ እየፈለቀቅሁ ያጠጣሁት አንቺን ነው።»