ቀይ ክር

የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮዎቹ እንዳይዛመት የመንደሩን ውሾች ስንከትብ ከረምን። ለተከተበው ሁሉ አንገቱ ላይ ቀይ ክር እናስርለታለን። ዳገቱ ላይ ካሉት የመጨረሻ ቤቶች ስደርስ የሳጥኔ በረዶ ቀልጦ ክትባቱ ተበላሽቶ ነበር። በማግስቱ ያን ዳገት እንደገና መውጣቱን ሳስበው ታከተኝ። ክሩን ብቻ አስሬ ወረድኩ፤ ሪፖርቴ ላይም «መቶ በመቶ» ብዬ ጻፍኩ።

ሕሊናዬ አላስቀምጥ ሲለኝ በሁለተኛው ወር አዲስ ክትባት ይዤ ወደ ዳገቱ ቤቶች ተመለስኩ። እማማ አጸደ ክንዳቸውን በሻሽ ጠቅልለው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ውሻዎ የት አለ እማማ?»

«ነክሶኝ ጠፋ፤ ወር አለፈው። እኔስ ደህና ነኝ፤ ከትናንት ወዲህ ውሃ አልወርድልኝ አለ እንጂ።»

«ጤና ጣቢያ አልሄዱም?»

«ምን ልሠራ ልጄ?» አሉ እየሳቁ። «ክርህ አንገቱ ላይ ነበረ እኮ።»