ገጽ አርባ ሁለት

አራሚው በሠላሳ ዓመት ሥራው እንዲህ ያሳቀው ልቦለድ ገጥሞት አያውቅም። ባለታሪኳ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ስትስቅ ከመሬት ተነሥታ ወደ ላይ ትንሳፈፋለች። ገጽ አርባ ሁለት ላይ፣ በእህቷ ሠርግ ኮርኒስ ላይ ተለጥፋ ስትቀር፣ አራሚው ሆዱን ይዞ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

ደራሲዋን ሲያያት ግን ግራ ገባው። ሴትዮዋ ፊቷ አይፈታም። በመጣች ቁጥር ወንድሟ አብሯት ይመጣል፤ አጠገቧ ይቀመጥና እጇን ለአፍታም አይለቅም። አራሚው ቀልድ ቢጤ ከጀመረ ወንድምየው ቶሎ ብሎ፣ «ወደ ሥራችን» ይላል።

«ይህን እሷ ከጻፈችው፣ እኔም አውሮፕላን አብራሪ ነኝ» አለ አራሚው በልቡ። ጸሐፊው ወንድምየው መሆን አለበት።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት በሚገባበት ቀን ጠዋት ሁሉም አሳታሚዋ ቢሮ ተሰበሰቡ። አሳታሚዋ አንዲት መስመር ብቻ ጎደለችኝ አለች።

«መጨረሻው ላይ ‹ከእንቅልፏ ነቃች› በዪበት። አለዚያ አንባቢ እውነት ይሁን ሕልም በምን ያውቃል?»

«ሕልም አይደለም» አለች ደራሲዋ።

«እንግዲያው ይዘሽው ሂጂ።»

የደራሲዋ ዓይን እንባ አቀረረ። ሰባት ዓመት የለፋችበት ነው። ቢሆንም፣ «ያልሆነውን አልጽፍም» አለች። ወንድምየው እጇን ጠበቅ አደረገው።

አራሚው ይህችንም ዝም ብሎ አላለፋትም። የራሷ ቢሆን ኖሮ እንዳሻት ትቀይረው ነበር። አሳታሚዋን ወደ መስኮቱ ጠርቶ ጥርጣሬውን ሹክ አላት።

«እንግዲያው ፈትናት» አለች አሳታሚዋ። «የራሷ ከሆነ እንዳለ አትመዋለሁ።»

አራሚው ተመለሰና፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ከታች አንድ ብርጭቆ ውኃ አምጣልን» አለ።

«እህቴ ብቻዋን ባትሆን ይሻላል።»

«አንበላትም» አለች አሳታሚዋ።

ወንድምየው ሳይወድ በግድ ወጣ። ደራሲዋ በሁለት እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨመደደች። አራሚው በልቡ «ተያዘች» አለ።

«ገጽ አርባ ሁለትን አነብልሻለሁ። ሙሽራው ምን እንዳለ አንቺ ትጨርሺልኛለሽ።»

አራሚ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሥርዓተ ነጥቡንም ይጠራል፤ የሥራው ልማድ ነው። ድምፁንም ዳኛ ፍርድ እንደሚያነብ አደረገው።

«ኧረ እግሯን ያዟት፣ ቃለ አጋኖ። ሙሽራው ዘሎ ያዘ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ጫማዋ እጁ ላይ ቀረ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ እሷ ግን ወደ ላይ፣ አራት ነጥብ።»

ደራሲዋ ከንፈሯን ነከሰች። «ጋሼ፣ ይቅርብዎት።»

«ሙሽራው አማቱን ዞር ብሎ አየና፣ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ...»

«ጋሼ፣ በእናትዎ።»

«ምን አለ?»

«‹እናቴ፣ ይህን ጫማ የት ላስቀምጠው› ነው ያለው» አለች ደራሲዋ፣ ድምፏ እየተንቀጠቀጠ።

«የጥያቄ ምልክት» አለ አራሚው፣ ከልማዱ የተነሣ።

ደራሲዋ በሳቅ ፈነዳች። እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ ፊት ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል? አሳታሚዋንም አራሚውንም ይዟቸው ሄደ፤ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«የራሷ ነው» አለች አሳታሚዋ፣ ቀና ሳትል ዓይኗን እየጠረገች። «እንዳለ ይታተም።»

ወንድምየው ውኃውን ይዞ ሲገባ ወደ እህቱ ወንበር አላየም። ቀጥ ብሎ ኮርኒሱን አየና፣ «መሰላል አላችሁ?» አለ።