የጠፈሩ ፊልም ምርቃት

ዳይሬክተሩ ከአዳራሹ በር ላይ ቆሞ፣ ፊልሙን አቋርጠው የሚወጡትን ተመልካቾች በንቀት ያያቸዋል። ከታዋቂ የሳይንስ ልቦለድ የተሠራና በአገሩ ታይቶ የማይታወቅ ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም ነው። መንኮራኩር በመንኮራኩር ላይ ይፈነዳበታል።

«ይሄ ሕዝብ ከሠርግ ቪዲዮ ሌላ ምን ይገባዋል!» አለ አጠገቡ ለቆመው ፕሮዲውሰር።

መብራቱ ሲበራ አንዲት አዛውንት ብቻቸውን ቀርተው ያለቅሳሉ። ደስ ብሎት ፕሮዲውሰሩን አስከትሎ አጠገባቸው ሄደ።

«እርስዎ እንኳን ገብቶዎታል። የቱ ጋ ነው ያስለቀሰዎት?»

«መጽሐፉን የጻፈው ሟቹ ባለቤቴ ነው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «አንባቢው ሁሉ የወደደው፣ ልጇን ወደ ጠፈር ሸኝታ ድምፁን በሬዲዮ የምትጠብቀዋን እናት ነበር። መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእሷ ታሪክ ነው። የት አደረስካት ልጄ?»

ዳይሬክተሩ ግራ ተጋብቶ ወደ ፕሮዲውሰሩ ዞረ።

«የምን እናት?»