ትናንት ማታ የዘፈነው ሰው

«ውሸት ብናገር ዓይኔ ይፍሰስ» እላለሁ፣ ሹካዬን ወደ ጥርስ ሐኪሙ ቀስሬ። «ጠብታ አልጨመርኩበትም። ትናንት ማታ እኔ ባልነሳ ኖሮ ያ አዳራሽ ለቅሶ ቤት ሆኖ ያድር ነበር።»

ጥርስ ሐኪሙ ማኘኩን ያቆማል። እሱና ሚስቱ የአውቶብስ ጉዟችንን የተቀላቀሉት ዛሬ ረፋድ ላይ ነው፤ እንደኛው ልጆቻቸውን ድረው ኩለው፣ ጭር ያለ ቤታቸውን ቆልፈው፣ በየከተማው እየበሉ ሙዚቃ ሊሰሙ የወጡ ናቸው። ትናንት አልነበሩም። እንዲህ ያለ አድማጭ ከሰማይ ነው የሚወርደው።

ሚስቴ ከጎኔ ሆና የዓሣ አጥንት ትለቅማለች። ለልጆቹ ታደርግ እንደነበረው የእኔንም እየለቀመች ሳህኔ ጠርዝ ላይ ትደረድራለች።

«ይቺ የምታዩዋት የልጆቼ እናት» እላለሁ፣ «በልጅነቷ ዘፋኝ ነበረች ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ። የበኩር ልጃችን ከተወለደ ወዲህ ከእሹሩሩ በቀር ከአፏ የወጣ ዜማ የለም። ታዲያ ትናንት ያደርንበት ሆቴል ባንድ ‹ከእንግዶች ማን ይዘፍናል?› ሲል ማን ብድግ ብትል ጥሩ ነው?»

የሐኪሙ ሚስት ወደ ሚስቴ ዞር ትላለች። «ዘፈንሽ?»

«በምን ጉሮሮዋ» እቀድማታለሁ። «ሦስት ሺህ ሰው ፊት።» ሦስት መቶ ልል ነበር፤ ግን አንዴ ካመለጠኝ ወዲያ ሰው ፊት ቁጥር መቀነስ ነውር ነው። «ማይኩን ጨበጠች። አፏን ከፈተች። ወፍ የለም። ቆይታ ቆይታ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ የምትል ነገር ወጣች። ከኋላ አንዱ ‹እባካችሁ ዘይት ጠብ አድርጉላት› አለ።»

ሐኪሙ ሊስቅ ሲል ሚስቱ በክርኗ ትጎሽመዋለች። የኔዋ አጥንቷን ትለቅማለች።

«አይዞሽ እህቴ» ትላታለች የሐኪሙ ሚስት። «እኔ ብሆን እዚያው ነበር የምወድቀው።»

«እሷስ መች ቀረላት? ደግፌ አወረድኳት እንጂ። ከዚያማ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲቀር ምን ላድርግ፣ ማይኩን አነሳሁት። በመጀመሪያው ስንኝ የመብራት ሠራተኛው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። በሁለተኛው አስተናጋጆቹ ትሪያቸውን እንደያዙ ቀሩ። በሦስተኛው የሆቴሉ ባለቤት ከነቤተሰቡ ከፎቅ ወረደ፤ አሥር ዓመት ከአልጋ ያልተነሱት አያቱ ሳይቀሩ።»

«ተሸክመዋቸው ነው?» ይላል ሐኪሙ።

«በእግራቸው።»

ይህን ሁሉ የምለው ላዋርዳት ብዬ አይደለም፤ ለእሷው ብዬ ነው። የዚህኛው ሆቴል ባንድ መሪ ከመድረክ ወርዶ በየጠረጴዛው እየዞረ ነው። ዋናው ምግብ ሲነሳ ከእንግዶች አንድ ሰው ማዘፈን እዚህም ልማድ ነው። ሚስቴ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን ስታደርቅ ስታንጎራጉር ሰምቻለሁ። ለእራት የለበሰችው ቡናማውን አይደለም፤ ለልጃችን ሠርግ የተሰፋውን ሰማያዊ ቀሚስ ነው። ሃምሳን ካለፉ በኋላ ብድግ ያለ ሰው መቼ በቀላሉ ይቀመጣል? ስንመለስ ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። እሷ ከተነሳች እኔ ከማን ጋር ልቀመጥ ነው?

የባንዱ መሪ አጠገባችን ደርሶ እጅ ይነሳል። ነጭ ኮት የለበሰ፣ ሽበቱን በቅባት ያስተኛ ሰው ነው።

«ትናንት ማዶ ካለው ሆቴል ያደራችሁት እናንተ ናችሁ አይደል?» ይላል። «የዚያ ሆቴል ፒያኖ ተጫዋች ወዳጄ ነው። ‹ከተጓዦቹ መሀል የዘፈነ ሰው አለ፣ ሳታዘፍን ከሸኘህ ወዳጅነታችን እዚህ ላይ ያብቃ› ብሎኛል። ስም መጠየቁን ግን ረስቶታል። ማን ይሆን?»

ሚስቴ ሹካዋን ታስቀምጣለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ትጠርጋለች። ፊቷ ላይ ቀላ ያለ ነገር ይመጣል፤ እኔ ይህን ቅላት የማውቀው ገና ሳላገባት ጀምሮ ነው። ወንበሯን በሁለት እጇ ይዛ ገፋ ልታደርግ ነው።

«እኔ ነኝ» እላለሁ።

«እርስዎ ነዎት ጋሼ?»

«ማን ኖሯል ሌላ? እነዚህን ጠይቃቸው።»

ጥርስ ሐኪሙ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። አላየም፣ ግን ይነቀንቃል፤ ወግ ማለት እንዲህ ነው። የባንዱ መሪ ትንሽ ያመነታና ማይኩን ያቀብለኛል። በጠረጴዛዎቹ ላይ ወሬው ቀስ በቀስ ይሞታል። ባንዱ ምልክቴን ይጠብቃል።

ለወጉ ያህል ወደ ሚስቴ ጎንበስ እላለሁ። ሚስቱን የሚያከብር ባል መሆኔንም ሰው ይየው። «አይደለም እንዴ የኔ እመቤት?»

ቀና ብላ ታየኛለች። አልተቆጣችም። የተኛ ልጅ አጠገብ እንደሚወራው ቀስ ብላ ትናገራለች።

«እስከ መጨረሻው ዘፈንኩ» ትላለች። «ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ አንተን ፈለግኩህ። ወንበርህ ላይ ኮትህ ብቻ ነበር። ያገኘሁህ አውቶብስ ውስጥ ነው፤ መስኮቱን ዘግተህ፣ ጆሮህን በሁለት እጅህ ደፍነህ።»

ለእኔ ብቻ ነበር ያለችው። ማይኩ ግን በመካከላችን እንደበራ ነው፤ ድምጿ ከአራቱም ማዕዘን ጥርት ብሎ ይወርዳል፣ እያንዳንዷ ቃል። የባንዱ መሪም ፊቱን ከእኔ መልሶ ወደ ሚስቴ ያዘነብላል።