ጂራ ግድግዳው ላይ

ጉዴ «ደህና ነኝ» እያለች ነው ሚኒባሱ ውስጥ የወደቀችው። አሁን ጊንጪ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ካለች ጠባብ ክሊኒክ ተኝታ፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላት፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ያንኑ ትላለች።

«ደህና ሰው አልጋ ያንቀጠቅጣል?» ልጇ ጊፍቲ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ደረበችላት። «ከባኮ ሳንነሳ ነው የጀመረሽ። ጧት ተደብቀሽ ፓናዶል ስትውጪ አይቼሻለሁ። በጌታ፣ አዮ፣ ምናለ ብትነግሪኝ?»

«ብነግርሽ ታስቀሪኝ ነበራ።»

ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል። ሊያዩት የተነሱት የአዲስ አበባው የፎቶ ኤግዚቢሽን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ነርሱ ደግሞ ወባ ነው፣ ዛሬ የትም አይሄዱም ብሎ ቆርጦ ነግሯታል።

አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት ስትባል ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ሲሞቱ፣ ሣጥን ሙሉ ፊልም ተገኘ። ልጆቻቸው አሳጥበው ለሕዝብ አሳዩት። ጎረቤቷ ኦቦ ሂርጳ አይተው ሲመለሱ፣ ገና በሩ ላይ ቆመው፣ «ጉዴ፣ ወንድምሽን ጂራን አየሁት። ግድግዳ ላይ ቆሟል» አሏት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች።

ጂራ ከቤት ከወጣ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ያኔ በደርግ ጊዜ፣ አሳሾች የሚፈልጉትን ሰው ፎቶ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ ሲባል የሰማችው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ጉዴ፣ ማንንም ሳታማክር አንድ ለእናቱ የሆነውን ፎቶውን ከሣጥን አውጥታ እሳት ውስጥ ከተተችው። ፊቱን እንዳያውቁት ብላ ነው። ጂራ ግን አልተመለሰም። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ፎቶ ታቅፎ ነውና የሚለቀሰው፣ እናቷ «ፎቶውን አምጡልኝ» አለች። ቤቱ ቢገለበጥ ታጣ። እናት የልጇን ሸሚዝ ታቅፋ አለቀሰች፣ ጉዴም ማቃጠሏን ትንፍሽ ሳትል እናቷን ቀበረች።

ከዚያ ፊቱ እሷንም ጥሏት ሄደ። በሕልሟ ሲመጣ ሁልጊዜ ጀርባውን ሰጥቷት ነው። ብትጠራው አይዞርም።

«እሱ ነው የመለሰኝ» አለች። «ፊቴን አታዪም ብሎኛል።»

«የመለሰሽ ወባ ነው። ዱረቲ እኮ እዚያው ደርሳ እየጠበቀችን ነው፤ በስልክ አንስታ ትላክልሽ።»

«ተይኝ፣ ኢንተላ ኮ! ተይኝ ልጄ! ይቅርታ በስልክ ይጠየቃል? ፊቱ ቆሜ ነው ይቅር በለኝ የምለው።»

ጊፍቲ ውጪ ወጥታ ለእህቷ ለዱረቲ ደወለች። ስትመለስ ስልኩን በፊቱ ደፍታ እናቷ ደረት ላይ አስቀመጠችው። «ፎቶውን ልካዋለች፤ ከፍቼዋለሁ። ማየት ካልፈለግሽ አትዪው» አለችና መድኃኒቱን ልትገዛ ሄደች።

ጉዴ ብቻዋን ቀረች። ስልኩ ከደረቷ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ፈራች። ዞሮ ቢሆንስ? ተቆጥቶ ቢሆንስ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አይታ ባታውቀውስ?

ስልኩን ገለበጠችው። ስክሪኑ ጠቁሮ ነበርና መጀመሪያ ያየችው የራሷን የተሸበሸበ ፊት ነው። ነካ ስታደርገው ጂራ መጣ።

የተዋሰው የሚመስል ኮት ለብሷል፤ እጅጌው እጁን ውጦታል። ጆሮዎቹ ወጣ ወጣ ያሉ ናቸው። ጢም የለውም፤ ከከንፈሩ በላይ ጥላ የምትመስል ነገር ብቻ። ፎቶ አንሺው አትሳቅ ብሎት መሆን አለበት፣ ጉንጩን ከውስጥ ነክሶ ይዟል። ወዲያው አወቀችው። ጂራ አትሳቅ ሲባል ነበር የሚስቀው፤ በጸሎት መካከል እንኳ።

ልጅ ነው እኮ! አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የፈራችው ይህንን ልጅ ነው።

ይቅር በለኝ ልትል አፏን ስትከፍት የወጣው «አይዞህ» ነው። ደገመችው። «አይዞህ፣ ጂራ።»

ነርሱ ግሉኮሱን ሊያይ ገብቶ በትከሻዋ በኩል አጮለቀ። «የልጅ ልጅዎ ነው፣ እናቴ? ያምራል።»

ጉዴ ዓይኗን አላነሳችም።

«ታላቄ ነው» አለች።

ትኩሳቱ ያስቀባዠራት መስሎት ግንባሯን ዳሰሰና ወጣ። ስክሪኑ ሊጠፋ ሲደበዝዝ በጣቷ ነካችው፤ ጂራ ተመለሰ። እንደገና ሲደበዝዝ፣ እንደገና ነካችው።