ለሰዓዳ የተተወ ቦታ

ሰዓዳ ከጅዳ ካሜራውን ለታናሽ እህቷ ለኡምኩልሱም ስትልክላት «እናቴን አንሺልኝ» ብላ ነበር። እናታችንን እንኳ አላለችም። ካሜራው መካነ ሰላም ከገባ ወዲህ ደግሞ የሰዓዳ ስልክ አይነሳም።

እናታቸውን እያጠበች፣ እያጎረሰች የምትጦረው ኡምኩልሱም ናት። እሳቸው ግን መደቡ ላይ ሲቀመጡ ሁልጊዜም አጠገባቸውን ለሰዓዳ ይተዋሉ፤ እንግዳ እንኳ አያስቀምጡበትም።

ኡምኩልሱም ከስልኳ ላይ አይታ እንደተማረችው የማንሻውን ቁልፍ በስሱ ጫን አደረገች። ፊት ፈልጎ የሚያርፈው አረንጓዴ ካሬ እናቷን አልፎ ባዶው ቦታ ላይ ቆመ። ደጋገመችው፤ ያው ነው። ይሄም እሷኑ ነው የሚፈልግ፣ አለች በሆዷ። ባዶውን ቦታ ቆርጣ ለማስቀረት ካሜራውን ወደ ጎን አዞረችው።

«አትቁረጫት እንጂ፣ ልጄ» አሉ እናቷ።

ቅናት አንገበገባት። ካሜራውን ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ሄዳ እህቷ ቦታ ላይ ዘጭ አለች። መደቡ ሞቋል፣ ሰው አሁን የተነሳበት ይመስል።

እናቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ካሜራው ፈገግ አሉ።

«ቦታውን ለቃልሻለች፤ ቀና በይ» አሏት። «ልታነሳን ነው።»

ካሜራው ቀጭ አለ።