«ሰው ነበረ፣ አባዬ»

«ማነው ይህን ያበላሸው?!»

ዮሲ ሣጥኑን ወርክሾፑ መሐል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው...

ቦታው እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ነው፣ የኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ። ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ይሠሩበታል። ሥራው ቀልድ አያውቅም። ዘንጉ ከልኩ የፀጉር ያህል እንኳ ከቀጠነ አለቀለት... መጣል ነው!

ዛሬ ሙሉው ሣጥን ቀጥኖ ከቁጥጥር ክፍል ተመለሰ።

«ቁጥሩን ማን ነው ያስገባው?» አለ ዮሲ። መናሄሉ እሱ ነው፤ የሁሉም አለቃ።

የወርክሾፑ አንጋፋ ሠራተኛ ጋሽ ሰጠው ወደ ሣጥኑ ተጠጉ።

ትናንት በዚያ ማሽን ላይ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። እርሳቸውና... ሠልጣኟ ልጃቸው ሆዳያ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሰጠው የመጀመሪያውን ዘንግ በማይክሮሜትር፣ በጥቃቅን ጭረቶች በሚነበበው መለኪያ፣ ይለኩና ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠራሉ። ሆዳያ የሰማችውን ማሽኑ ላይ ታስገባለች። ቁጥሩ የዘንጉ ትርፍ ውፍረት ነው፤ ማሽኑ ያንኑ ያህል ከላዩ ይልጣል።

«እኔ ነኝ» አለች ሆዳያ አንገቷን ደፍታ። «አባዬ የጠሩልኝን ተሳስቼ አስገባሁት።»

ወይ ጉድ!

ልጅቷ ከውትድርና ከወጣች ጀምሮ ይህን ሥልጠና ነው የሙጥኝ ያለችው። የሙከራ ጊዜዋ ደግሞ የሚያበቃው ዛሬ ነው። ዛሬ ወይ ትቀጠራለች... ወይ ትሰናበታለች።

ጋሽ ሰጠው በቀን ስንቱን ቁጥር ይጠራሉ! የትናንቱን አላስታወሱም። ትክክል መጥራታቸውን ግን ምለው ይናገሩ ነበር። ከኢትዮጵያ ከመጡ ጀምሮ የገነቡት ስም ነው እኮ!

«አዋረድሽኝ!» ብለው በሰው ፊት ጮኹባት። «ቁጥር ሰምቶ ማስገባት ያቅትሻል?! እናትሽ ሙሉሽ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች?»

ሆዳያ ሥራው እንደቀረባት ገባት። ጋዋኗን አውልቃ በሥርዓት አጠፈችና ወጣች።

በእሷ ቦታ ሌላው ወጣት ሠራተኛ ሊዶር መጣ። ሊዶር ይሉኝታ የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈ... የአያቱ ኩስኩስ ካልጣመው «አልጣመኝም» ብሎ ሳህኑን የሚመልስ ልጅ ነው።

ጋሽ ሰጠው አዲስ ዘንግ ለኩ። «አርባ ስምንት!» ብለው ጠሩ።

ሊዶር አንገቱን አስግጎ አየ። «ሰጠው፣ ምን ነካህ? አርባ ሦስት ነው እኮ!»

«አንተ ልጅ፣ አርፈህ አስገባ!»

«ማ ፒትኦም! ምን ሲደረግ! ራስህ እየው!»

ጋሽ ሰጠው ማይክሮሜትሩን ወደ መብራቱ አዞሩ... ክንዳቸውን ዘረጉ... ጭረቶቹ ተደበላለቁባቸው።

መነጽራቸው ሎከር ውስጥ ነው። ከገዙት ጀምሮ ሥራ ቦታ አድርገውት አያውቁም። «ዓይኑ ደከመ ብለው ከማሽኑ ያነሡኛል» ብለው ይፈራሉ።

ሄደው አመጡት። አደረጉት።

አርባ ሦስት!

ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

አሁን ትዝ አላቸው... ትናንት ቁጥሩን ሲጠሩ ሆዳያ ከጎናቸው ሆና ማይክሮሜትሩን አይታ ነበር። ከዚያ እርሳቸውን አየች። አፏን ከፈተች... ዙሪያውን የቆሙትን ሠራተኞች ስታይ መልሳ ዘጋችው። የተጠራላትን አስገባች።

ልጅቷ አልተሳሳተችም! የአባቷን ስህተት ነው የተሸከመችው!

ጋሽ ሰጠው በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ሮጡ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ደረሱባት። አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ ብሏል።

«ሆዳያ... ትክክለኛውን ቁጥር አይተሽ ነበር?»

ወደ አውቶቡሱ አንድ እርምጃ ሄደች።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ ልጄ?»

ቀና ብላ ሳታያቸው መለሰች...

«ሰው ነበረ፣ አባዬ።»

በቃ፣ ያለችው ይህን ብቻ ነው።

አባት በሰው ፊት አይታረምም ብሎ ማን አስተማራት? እርሳቸው ናቸዋ! በልጅነቷ እንግዳ ፊት «አባዬ፣ እንደሱ አይደለም» ስላለች የተቆጧትን ቁጣ ዛሬም አልረሳችውም።

አውቶቡሱ በሩን ከፈተ። ጋሽ ሰጠው እጇን ያዙ።

«ነይ እንመለስ።»

«ይቅርብዎት አባዬ፣ ያባርሩዎታል!»

«ያባርሩኛ!»

ወርክሾፑ መሐል ቆሙ።

«ዘንጎቹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ ደብቄያችሁ ነው። ልጄ የእኔን ነውር ልትሸፍን ነው ዝም ያለችው።»

ዮሲ ፊቱን ወደ ሆዳያ አዞረ።

«አባትሽ መነጽሩን ያድርግና ይሥራ። እኔን ያስፈራሽኝ አንቺ ነሽ። አይተሽ ዝም አልሽ! ነገ አንዱ የተበላሸ ዘንግ ከቁጥጥር አልፎ ሰው ቢጎዳስ?»

የሆዳያ ፊት አመድ መሰለ።

ዮሲ አንድ ዘንግ አነሣ። «ሰጠው፣ መነጽርህን አውልቅና ለካ። ጮክ ብለህ ጥራ።»

ሠራተኛው ሁሉ ከበባቸው። ጋሽ ሰጠው ዓይናቸውን አጨንቁረው ለኩ።

«ሃያ... ስድስት።»

ዮሲ ሆዳያን አያት። ሁሉም አይዋት። እሷ ማይክሮሜትሩን አየች። አባቷ ናቸው እኮ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!

«አባዬ...»

ጭረቱን በጣቷ አሳየቻቸው።

«ተሳስተዋል። ሃያ አንድ ነው።»

ጋሽ ሰጠው ተቆጡ?

የምን ቁጣ! «እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው ግንባሯን ሳሟት። ያኔ ነው ሆዳያ ያለቀሰችው።

ዮሲ ጋዋኗን መልሶ አቀበላት። «ነገ በሰዓትሽ ግቢ።»

ወገኖቼ... ታላቅን ማክበር ማለት ሲሳሳት እያዩ ዝም ማለት አይደለም። ልጆቻችን እውነቱን እንዳይነግሩን አፋቸውን የምናስይዛቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛው ነን። አስተምረናቸው ዝም ካሉ በኋላ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብንል ምን ዋጋ አለው?

እስቲ እውነቱን ተናገሩ... በሆዳያ ቦታ ብትሆኑ ያን ዕለት አባታችሁን በሰው ፊት «ተሳስተዋል» ትሏቸው ነበር? አባትና እናት የሆናችሁስ፣ ልጃችሁ እንዲህ ብትላችሁ ትስሟታላችሁ ወይስ ትቆጧታላችሁ? 👇